ጠቋሚ ሽቦ የቱን ልግዛ? ሲቀበሩም ሲፈለጉም ያየኋቸው አምስት ዓይነቶች

ስራዬ የተቀበረ መስመር መፈለግ ነው። ቆፋሪዎች ከመድረሳቸው በፊት ሎኬተሬን፣ ማለትም የመስመር መፈለጊያ መሣሪያዬን፣ ይዤ እሄዳለሁ፤ መስመሩ የት የት እንደሚያልፍ መሬቱ ላይ በቀለም አሰምራለሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ ለ9 ዓመት ቱቦ ስቀብር ነበር። ስለዚህ ጠቋሚ ሽቦን በሁለቱም በኩል አውቀዋለሁ፤ ቀባሪም ሆኜ፣ ፈላጊም ሆኜ።

ሰሞኑን ሦስት ሰዎች በተከታታይ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «የውሃ መስመር ላስቀብር ነው፤ ትሬሰር ዋየር የሚሉትን ሽቦ የቱን ልግዛ?» ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳት ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። በእጄ ያለፉት ዓይነቶች አምስት ናቸው። አንዱን በጣም እወደዋለሁ። አንዱን ግን ማንም እንዳይገዛው እለምናለሁ።

መጀመሪያ ነገሩ አዲስ ለሆነበት ሰው። የፕላስቲክ ቱቦ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። አንዴ አፈር ከለበሰ ሎኬተር አያገኘውም። ስለዚህ ከቱቦው ጎን ሽፋን ያለው ሽቦ አብሮ ይቀበራል። በሽቦው አንድ ጫፍ ላይ የሎኬተሩ ላኪ ክፍል፣ ትራንስሚተር፣ ይገጠማል፤ እሱም ትንሽ የኤሌክትሪክ ጅረት ይልካል። ጅረቱ ሽቦውን ይዞ ይሄድና በወዲያኛው ጫፍ ወደ አፈር ይገባል። ከዚያ በአፈሩ በኩል ትራንስሚተሩ አጠገብ ወደተተከለው የኧርዝ ብረት ይመለሳል። እኔ ከላይ በተቀባዩ ክፍል፣ በሪሲቨር፣ የማዳምጠው ጅረቱ በሽቦው ዙሪያ የሚፈጥረውን መግነጢሳዊ መስክ ነው። ሽቦው መሃል ላይ ከተበጠሰ ድምፁም እዚያው ይሞታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ቱቦ ለእኔ የለም ማለት ነው።

ሽቦ ስመርጥ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ የሆነው ለዚህ ነው። የሚፈለግበት ቀን ሲመጣ ሳይበጠስ ይጠብቀናል ወይ? መዳብም ሆነ ብረት፣ ወፍራምም ሆነ ቀጭን፣ እኔ የምመዝነው በዚህ ነው።

በስራው ያደግኩት በንጹሕ መዳብ ነው። ባለ አንድ ዘንግ፣ 12 ጌጅ፣ ውፍረቱ 2.05 ሚሊ ሜትር። ጌጅ የሽቦ ውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ሽቦው ይቀጥናል። ሽፋኑ ፖሊኢትሊን፣ ውፍረቱ 30 ሚል የሚባለው፣ ማለትም 0.76 ሚሊ ሜትር ገደማ። ለእጅ የሚመች ሽቦ ነው። ስታጥፉት ይታጠፋል፤ ባጠፋችሁት ቦታም ይቀመጣል። ቱቦው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ አብሮ ይዞራል። በአንድ ቦይ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስትዘረጉት አያስቸግርም። ሽፋኑ በድንጋይ ቢጫር እንኳ መዳቡ አፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። 14 ጌጅ የሚገዙም አሉ፤ ውፍረቱ 1.63 ሚሊ ሜትር ነው። ጅረቱን ለማስተላለፍ አያንስም። ቦይ ሲሞላ ለሚወድቅበት ድንጋይ ግን ያንሳል። በንጹሕ መዳብ ከ12 ጌጅ የቀጠነ አትግዙ እላለሁ።

የመዳብ ድክመት ልስላሴው ነው። ይህን የተማርኩት አግድም ቁፋሮ ላይ ነው። አግድም ቁፋሮ ማለት ቦይ ሳይከፈት በመንገድ ስር ቀዳዳ ተበስቶ ቱቦው ከወዲህ ወደ ወዲያ የሚሳብበት ስራ ነው። የመዳብ ሽቦውን ከቱቦው ጋር አስረን ሳብነው። የቱቦው ራስ በወዲያኛው ጉድጓድ ብቅ ሲል ሁላችንም ደስ አለን። ከዚያ ሽቦውን አየነው። አንድ ክንድ ያህል ብቻ ከቱቦው ራስ ላይ ተንጠልጥሎ ወጥቷል። ጫፉን በጣቴ ያዝኩት። ሽፋኑ ተለጥጦ ባዶ ሆኗል። ውስጡን ስገልጠው መዳቡ እንደተሳበ ማስቲካ እየቀጠነ እየቀጠነ ሄዶ መርፌ አክሎ ተበጥሷል። ቱቦውን መልሶ ማውጣት አይታሰብም ነበር። ያ መሻገሪያ እስከ ዛሬ ሽቦ የለውም። የሚታወቀው በስዕል ላይ በሰፈረው ልኬት ብቻ ነው፤ መንገዱ ሲሰፋ ልኬቱ የተያዘበት የመንገድ ጠርዝ ራሱ ተነስቷል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምወደው መዳብ የለበሰ ብረት ነው። ውስጡ ብረት፣ ላዩ መዳብ። መዳቡ ቅብ ብቻ አይደለም፤ ከብረቱ ጋር ተዋህዶ የተሳበ ነው። በዚህ ዓይነት ሽቦ የሚታወቁ ፋብሪካዎች አሉ፤ ኮፐርሄድ ኢንዱስትሪስ አንዱ ነው። ጥንካሬው በየደረጃው ይመጣል። ለክፍት ቦይ የሚሆነው ለስለስ ያለ ነው። ለአግድም ቁፋሮ የሚሰራው ደግሞ ሌላ ፍጥረት ነው። ለስላሳ መዳብ በ12 ጌጅ ወደ 90 ኪሎ ሲሳብ ይበጠሳል። ለቁፋሮ የተሰራው መዳብ የለበሰ ብረት በዚያው ውፍረት ከ450 ኪሎ በላይ ይሸከማል። ሽፋኑም ይወፍራል፤ 45 ሚል፣ ማለትም 1.14 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ስትገዙ «መዳብ የለበሰ ብረት» ማለት ብቻ አይበቃም። ለቦይ ነው ወይስ ለቁፋሮ ብላችሁ ጠይቁ፤ ጥቅሉ ላይ የተጻፈውን የመበጠሻ ኃይልም አንብቡ። የቦዩን ሽቦ ለቁፋሮ የወሰደ ሰው ያ የመዳብ ጣጣ እንዳያገኘው እሰጋለሁ።

ኤሌክትሪሺያኖች አንድ ነገር ይከራከሩኛል። «ብረት እኮ እንደ መዳብ አያስተላልፍም» ይላሉ። ልክ ናቸው። 305 ሜትር የ12 ጌጅ መዳብ ጥቅል ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ 1.6 ኦም ያህል ነው። በብዛት የሚገኘው መዳብ የለበሰ ብረት የመዳብን 21 በመቶ ያህል ያስተላልፋል፤ የዚያው ርዝመት ጥቅል 7.6 ኦም አካባቢ ይሆናል። ልዩነቱ 6 ኦም ነው። ግን ጅረቱ የሚመለሰው በአፈር ነው። አንድ የኧርዝ ብረት ብቻውን ከአፈሩ ጋር ያለው ተቃውሞ ብዙ ጊዜ አስር ሃያ ኦም ነው፤ ደረቅ አፈር ላይ ከዚያም እጅግ ይበልጣል። ከዚህ አጠገብ የሽቦው 6 ኦም ምንም አይደለም። ሎኬተሬ ላይ በሁለቱ መካከል ልዩነት ሰምቼ አላውቅም። ይልቅ ኧርዙን በደንብ አጥብቁ፤ ደረቅ ከሆነ ውሃ አፍስሱበት። ልዩነቱን የምትሰሙት ያኔ ነው።

ጥሩ ያልሆነ ነገር የለውም አልልም። ብረት ስለሆነ ይነጥራል። ጥቅሉን ስትፈቱ ጫፉን ከለቀቃችሁት ተመዞ ፊት ይመታል፤ መነጽርና ጓንት ሳታደርጉ አትንኩት። የለመዳችሁት ቀጭን ፒንሳም በቀላሉ አይቆርጠውም። ትልቁ ነገር ግን ሽፋኑ ነው። ሽፋኑና መዳቡ ላይ ጥልቅ ጭረት ካረፈ ውስጡ ያለው ብረት ይዝጋል። የተቆረጠ ጫፍም እንዲሁ ነው፤ እርጥብ አፈር ውስጥ ክፍት መተው የለበትም። በጎ ጎኑ ደግሞ ሌባ አይፈልገውም። ሳጥን ውስጥ ብቅ ያለ ንጹሕ መዳብ ተቆርጦ ሲሄድ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ይኼ ግን ለቁርጥራጭ ገዢ አይሆንም።

አሁን የምለምናችሁ ነገር። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም አትቅበሩ። ከውጭ ሲያዩት መዳብ ነው፤ ቀለል ይላል፤ ዋጋውም ይስባል። አንድ ጊዜ «ንጹሕ መዳብ» ተብሎ የተሸጠልኝ ጥቅል መጣ። ከመኪናው ሳወርደው ክብደቱ አላሳመነኝም። ጫፉን ላጥኩና በቢላ ጠርዝ ፈቀፈቅኩት። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲሄድበት ቀዩ ለቀቀና ነጭ ብር የመሰለ ነገር ታየ። አሉሚኒየም እርጥብ አፈር ውስጥ ሽፋኑ በአንዲት ነጥብ ከተቀደደ ቶሎ ይበላል፤ ከመዳብ ጋር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ነጭ ዱቄት ሆኖ ያልቃል፤ ሽፋኑ ባዶ ቧንቧ ሆኖ ይቀራል። ይህን ቆፍሬ አውጥቼ በእጄ ይዤ አይቻለሁ። ከውጭ ሽቦው ሙሉ ነበር፤ ስጨብጠው ተኮማተረ።

ለመለየት ሁለት ነገር ይዤ እሄዳለሁ፤ ትንሽ ማግኔትና ቴስተር። ማግኔቱ ከያዘው ውስጡ ብረት ነው። ካልያዘው መዳብ ወይም አሉሚኒየም ነው፤ ያኔ ቢላው ይናገራል። ቢላ ለማውጣት የማይመች ከሆነ የጥቅሉን ሁለት ጫፎች በቴስተር ለኩ። 305 ሜትር የ12 ጌጅ መዳብ 1.6 ኦም ማንበብ ሲገባው 2.5 አካባቢ ካነበበ አሉሚኒየም ነው። መጀመሪያ የቴስተሩን ሁለት መርፌዎች እርስ በርስ አነካኩና የሚያሳየውን ቀንሱ። በትንሽ ቁጥር ላይ ያቺም ታሳስታለች።

የቀሩትን ሁለቱን ባጭሩ። የቤት ሽቦ ተርፎኛል ብሎ የሚቀብር ሰው ብዙ ነው። ለቤት ውስጥ የተሰራው ሽቦ ቀጭን ፒቪሲና ከላዩ ናይለን ነው። ለአፈር እርጥበት የተሰራ አይደለም። ባለ ብዙ ዘንጉ ደግሞ አንድ ቦታ ከተቀደደ ውሃው በዘንጎቹ መካከል እየተሳበ ይሄዳል፤ ጉዳቱ ከቀዳዳው ርቆ ይገኛል። አያዋጣም። ሁለተኛው ፎይል፣ ማለትም ስስ የብረት ቅጠል፣ ያለበት ረጅም ማስጠንቀቂያ ፕላስቲክ ነው። እሱን ቅበሩት፤ እወደዋለሁ፤ ግን በሽቦ ምትክ አይሁን። ከቱቦው በላይ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ሲነጠፍ ኤክስካቫተሩ ቱቦውን ሳይነካ ቀለሙ ብቅ ይላል፤ ቆፋሪውም ይቆማል። በውስጡ ያለው ፎይል ግን ስስ ነው። ተገጣጥሞ አይቀጠልም፤ ሲለጠጥም ይሰነጠቃል። ትራንስሚተር ልገጥምበት ሞክሬ ጥቂት እርምጃ ሄዶ ጠፍቶብኛል።

እስካሁን ስለ ሽቦው አወራሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ግን ሽቦው አይደለም፤ መገጣጠሚያው ነው። ጥሩ ሽቦ ገዝቶ በናስትሮ የጠመጠመ ሰው ምንም አልገዛም።

አንድ ጠዋት 1.2 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ የውሃ መስመር እየተከተልኩ ነበር። በ512 ኸርዝ ነው የጀመርኩት፤ ዝቅተኛው ድግግሞሽ ሩቅ ይሄዳል፣ ወደ ጎረቤት መስመርም አይዘልም። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። 60 ሜትር ገደማ ላይ ቀስ በቀስ ደከመና ጠፋ። ወደ 33 ኪሎ ኸርዝ ከፍ አደረግኩት። ድምፁ ተመለሰ። አብሮኝ የነበረው ልጅ «ተገኘ!» ብሎ ቀለሙን አነሳ። እጁን ያዝኩት። የጥልቀት ንባቡ ከ1.2 ሜትር ወደ 0.6 ወርዶ ነበር። የውሃ ቱቦ እንዲህ በአንዴ ሽቅብ አይወጣም። ከፍተኛ ድግግሞሽ የተበጠሰ ቦታን ሊዘል ይችላል፤ ግን አጠገብ ያለ ኬብል ላይም ይዘላል። የሰማነው የኤሌክትሪክ ኬብሉን ነበር። ልጁ ሰማያዊ ቀለም ረጭቶበት ቢሆን ኖሮ ቆፋሪው «ቱቦው እዚህ ነው» ብሎ ኬብሉ ላይ በዶማ ይወርድ ነበር።

ድምፁ የጠፋበት ቦታ ላይ በእጅ ቆፈርን። አካፋው ሽቦውን ሲገልጠው መገጣጠሚያ ነበር። ሁለት ጫፎች ተጠማዘዋል፤ ላዩ ናስትሮ። ናስትሮው እንደ እርጥብ ቅጠል ተላቆ እጄ ላይ ቀረ። ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ነው። ጥምዝምዙን ስነካው ያለ ምንም ኃይል ለሁለት ተለያየ። ያ ሁሉ መስመር ለዓይን ደህና ነበር። የጠፋው ጣት የምታክል ቦታ ላይ ነው።

ስለዚህ መገጣጠሚያ ስትገዙ በቀጥታ አፈር ውስጥ ለመቀበር የተሰራ፣ በውሃ መከላከያ ጄል የተሞላ መሆኑን አረጋግጡ። ስሪኤም የሚሰራው ዲቢአር የሚባለው ኪት ለዚህ ይሆናል። ሽቦዎቹን በኮኔክተሩ ታጠብቁና ጄል ወደሞላው ትንሽ ቱቦ ውስጥ ገፍታችሁ ክዳኑን ትዘጋላችሁ። ተራ ሞርሴቶ አይሆንም። ለደረቅ ቦታ የተሰራ የሽቦ ቆብም አይሆንም። አንድ ልማድ ልጨምር። ከመገጣጠሜ በፊት ሁለቱን ሽቦዎች እርስ በርስ አንድ ጊዜ ቋጠሮ አስራቸዋለሁ። አፈር ሲረጋና ሲጎትት ጉልበቱ ቋጠሮው ላይ ያርፋል፤ ኮኔክተሩ ሸክም አይቀበልም። ከሁሉ የሚሻለው ግን መገጣጠሚያ ማብዛትን መተው ነው። ረጅም ጥቅል ግዙ። 150 ሜትር ሁለቴ ከመግዛት 305 ሜትር አንዴ ይሻላል።

የመስመሩ መጨረሻም ይረሳል። ሽቦው በመጨረሻው ጫፍ ከአፈር ጋር ካልተገናኘ ጅረቱ መሄጃ ያጣል፤ ሎኬተሩም ያጉረመርማል እንጂ አይናገርም። እኔ ከሽቦው ጫፍ ጋር የሚያያዝ ትንሽ የማግኒዝየም ቁራጭ፣ አኖድ የሚባለውን፣ እቀብራለሁ፤ ግማሽ ኪሎ የምትሆነው በቂ ናት። ጅረቱን ወደ አፈር ታወጣለች። ማግኒዝየሙ በራሱ እየተበላ፣ ሽፋኑ በተጫረ ቦታ ያለውን መዳብና ብረት ይጠብቃል። በየ300 ሜትሩ ገደማ ደግሞ ሽቦው ወደ ላይ ወጥቶ በትንሽ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። ይህ ሳጥን ከሌለ ትራንስሚተሬን የት ልግጠም?

አዘረጋጉ ላይ ሁለት ነገር ልበል። በቱቦው ዙሪያ አትጠምጥሙት። የአሜሪካ የፌዴራል የጋዝ ቱቦ ደንብ በአንቀጽ 192.321 ይህን በግልጽ ይከለክላል፤ ከቱቦው ጋር መነካካቱም እንዲቀንስ ያዛል። መብረቅ በሽቦው ቢመጣ ፕላስቲኩን ሊጎዳ ይችላል። ለውሃ ቱቦ በአንድ ጎን ቀጥ አድርጋችሁ፣ በየ2 ወይም 3 ሜትሩ በፕላስተር ያዙት። ወጥራችሁ ግን አትሰሩት፤ ትንሽ ልል ይሁን። ፕላስቲክ ቱቦ በሙቀትና በቅዝቃዜ ይረዝማል፣ ያጥራል። የተወጠረ ሽቦ ያኔ ይበጠሳል።

ቀለሙን እንደ መስመሩ ምረጡ። በአሜሪካ የሕዝብ ስራዎች ማኅበር አመዳደብ ሰማያዊ ለመጠጥ ውሃ፣ አረንጓዴ ለፍሳሽ፣ ቢጫ ለጋዝ፣ ቀይ ለኤሌክትሪክ፣ ብርቱካናማ ለቴሌኮም ነው። በምትሰሩበት ቦታ ሌላ ደንብ ካለ እሱን ተከተሉ።

ከሁሉም በላይ ከመሸፈኑ በፊት አንዴ፣ አፈር ከተመለሰ በኋላ አስፋልት ሳይፈስ ደግሞ አንዴ ለኩ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ባለፈው ወር 118 ሜትር የመንገድ መሻገሪያ በአግድም ቁፋሮ ሠራን። ለቁፋሮ የተሰራውን መዳብ የለበሰ ብረት ሁለት ሽቦ አድርገን ከቱቦው ጋር ሳብን፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዲተርፍ። ሁለቱም ወጡ። ወዲያ ማዶ ያለው ልጅ ሁለቱን ጫፎች አገናኘልኝ፤ እኔ በዚህ በኩል ቴስተሩን ያዝኩ። ደርሶ መልስ 236 ሜትር ነው፤ 6 ኦም ገደማ መምጣት አለበት። 5.9 አነበበ። ከዓመታት በኋላ ቁጥሩ ከዚህ እጅግ ከራቀ መስመሩ ጉዳት እንዳለው ለኪው ወዲያው ያውቃል። 5.9ኑንና ቀኑን በማይለቅ ማርከር በሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ጻፍኩ፤ ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቄ ክዳኑን ገጠምኩት።